ላኪና ተቀባይ

 

ባለፈው ሐምሌ ፒክ አፗ ሁለት ዙር ሳትመጣ መቅረቷ ብዙ ወሬ እንዳስነሣ ሰማን። ገሚሱ «ሸጠው ገንዘቡን ተካፈሉት» አለ አሉ፤ ገሚሱም «መንገድ ላይ ተያዙ» ብሎ አዘነልን። መኪናዋም አልተሸጠች፣ እኛም አልተያዝን። የሞተው ፍሪሲዮኗ ነበር። አዘጋጆቹ ነገሩን በዝርዝር እንድንጽፍ ጠየቁን። በካምፑ ውስጥ የሾፌርነትና የመካኒክነት ሙያ ያላቸውም፣ ለመማር የሚሹም ወጣቶች እንዳሉ ስለምናውቅ፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው እናቀርባለን።

«እኛ» የምንለው አምስት ሰዎች ነን። በእድሜ የሚበልጡን ጋሼ ናቸው፤ እሳቸው የአሰብ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998 ሳይዘጋ በፊት በዚያ በረሓ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ከዚያም በድሬዳዋ ከባቡሩ ጥገና ቤት አጠገብ ያደገ አንድ ወጣት፣ ሸክም የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ አምስተኛዋም እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህታችን ነች። ፒክ አፗ በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ሂሉክስ ስትሆን፣ በእቁብ ገንዘብ ገዝተናት አምስታችንም እንበላባታለን። በአዘቦት ቀን ሽንኩርትና የውኃ በርሜል ትጭናለች፤ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ዱቄቱን፣ በርበሬውን፣ መድኃኒቱንና ደብዳቤውን ይዛ ወደ እናንተ ወደ ዓሊ አዴ ትወጣለች። ስለዚህ የእሷ መቆም የአምስታችን ጉሮሮ ብቻ አልነበረም፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ፍሪሲዮኗ የሞተው ፒኬ 12 ላይ፣ ከኢትዮጵያ በሚመጡት ረጃጅም ተሳቢዎች መካከል ነው። ጋሼ ማርሽ ሊቀይሩ ፔዳሉን ቢረግጡ፣ ፔዳሉ ምንም ሳይቃወም ወለሉ ድረስ ወርዶ እዚያው ተኛ። ወደ ላይ የሚመልሰው ነገር ጠፋ። በእግራቸው ጫፍ አንሥተው ደጋግመው ቢረግጡም ለውጥ የለም። በስተኋላ የቆሙት መለከታቸውን ያስጮኹ ጀመር።

ሌላ ሾፌር ቢሆን ወርዶ ያስገፋ ነበር። ጋሼ ግን ሞተሩን አጠፉና ማርሹን አንደኛ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ቁልፉን አዞሩ። ማስነሻው ሞተሩንና መኪናውን አንድ ላይ ጎትቶ አንቀሳቀሳቸው፤ ሁለት ክንድ ያህል እየተንገጫገጨች ከሄደች በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ሁለተኛ ማርሽን ለማስገባት ነዳጁን ለቀቅ አድርገው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ድምፁ ሲወርድና ከመኪናው ሩጫ ጋር ሲስማማ እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ ይስቡታል፤ በራሱ ይገባል። ካልተስማማ ካምቢዮው ይጮኻል። «ይህ በጆሮ የሚነዳ ነው፣ በጉልበት አይደለም» አሉን። መቆም ባስፈለገ ቁጥር ሞተሩን እያጠፉ፣ ፍየል ባቋረጠች ቁጥር እያማተቡ፣ እስከ ሃያብለ ደጃችን አመጧት። ይህን ብልሃት ለወጣቶቹ የጻፍነው ለክፉ ቀን እንጂ ለልማድ እንዳይሆን አደራ፤ ማስነሻውንም ካምቢዮውንም ይጎዳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያስፈራል።

በማግሥቱ ወደ አንድ ጋራዥ ሄደን አማከርን። መኪናዋን ሳያዩ «ካምቢዮው ይውረድ፣ ሸራው ከነዲስኩ ይቀየር» አሉን፤ የጠሩት ዋጋም የአምስታችንን የሁለት ወር ገቢ የሚበላ ነበር። ጋሼ አመስግነው ወጡ። ደጅ ስንደርስ፣ «ሸራ ያለቀበት ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል መኪናው አይሄድም። የኛ ግን መለየት ነው ያቃተው። ፔዳሉ ወለል የወደቀ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚታየው ዘይቱ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአሮጌዋ ቮልስዋገን ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በኛይቱ ገመድ የለም። ፔዳሉ አንዲት ትንሽ ፖምፓ ይገፋል፤ ፖምፓዋ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የፍሬን ዘይት ትገፋለች፤ ዘይቱ ታች ካምቢዮው ጎን የተቀመጠችውን ሁለተኛ ፖምፓ ይገፋል፤ እሷም ሹካውን ገፍታ ሞተሩንና ካምቢዮውን ታለያያለች። በዝግ ዕቃ ያለ ፈሳሽ የተሰጠውን ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያስተላልፍ በ17ኛው መቶ ዓመት ያስረዳው ፓስካል የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ለምሳሌ የላይኛዋ ፖምፓ ውስጧ 16 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛዋ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖራቸው፣ ከላይ የተሰጠው ኃይል ታች ሲደርስ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። በነፃ ግን የሚገኝ ነገር የለምና መንገዱ ያጥራል፤ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ከተገፋ ታች የሚንቀሳቀሰው 16 ብቻ ነው። ከዚህች አጭር መንገድ ላይ አየር ገብቶ ጥቂት ቢሰርቅ ወይም ጎሚኒው ጥቂት ቢያፈስ፣ ማርሽ አልገባም ይላል። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ኮፈኑን ከፍተን ብናይ የዘይቱ ዕቃ ከሥሩ ጥቂት ጥቁር አተላ ብቻ ይዟል። ከታች ገብተን የታችኛዋን ፖምፓ የአቧራ ላስቲክ በካቻቪቴ ገለጥ ስናደርግ፣ ቀድሞ ተጠራቅሞ የነበረ ዘይት ፈሰሰ። እሷ እንደሞተች ታወቀ። ከዚያ የድሬዳዋው ልጅ በክሩስኮቱ ሥር በጀርባው ተኝቶ የላይኛዋን መግፊያ ዘንግ በነጭ ጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ላይ አንዲት ጥፍር የምታህል እርጥበት ታየች። ጥፍር የምታህል ብቻ። የጠብ ሁሉ መነሻ እሷ ሆነች።

ወንድማማቾቹ፣ «የሞተችው የታችኛዋ ነች፤ እሷን እንለውጥ፤ የላይኛዋ ገና ትሠራለች» አሉ። ጋሼ ደግሞ ሁለቱም ይለወጡ ባይ ናቸው። ምክንያታቸው ይህ ነው፦ ሁለቱ አንድ እድሜ አላቸው፤ አንድ ዘይት ጠጥተዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ የጅቡቲ አየር ደግሞ ከባሕሩ የተነሣ እርጥብ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ ይሠራል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል። ለፍሪሲዮን ከመፍላቱ ይልቅ የሚከፋው ዝገቱ ነው። ውኃው ከፖምፓው ሥር ይቀመጥና ብረቱን ይበላዋል፤ የተበላው ብረት ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። በርካሽ ጎሚኒ ብቻ መለወጥ አይቻልም ወይ ብለን ጠየቅን። ጋሼ የታችኛዋን ፈትተው ፒስተኗን አወጡና ትንሽ ጣታቸውን አስገብተው ውስጧን ዳሰሱ፤ ከዚያ ለእያንዳንዳችን አስዳሰሱን። ጥፍር ይይዛል። ጥፍር የሚይዝ ፖምፓ በአዲስ ጎሚኒ አይድንም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ነው።

ለአንዷ ፖምፓ የሚሆን ገንዘብ ነበረን፤ ለሁለት አልነበረንም። ከቤቱ ውስጥ የነበረው ሌላ ገንዘብ የእቁቡ ነው። የዚያ ወር ዕጣ የወጣው ለእህታችን ሲሆን፣ ገንዘቡ ድሬዳዋ አያቱ ዘንድ ላለው ልጇ የትምህርት ቤት መመዝገቢያና የደብተር መግዣ የተቀመጠ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህም ማንም አፉን አልከፈተም። ጥያቄውን ያነሣችው እሷ ራሷ ነች።

«ጋሼ፣ የታችኛዋ ብቻ ብትቀየር ስንት ጊዜ ታስኬዳለች?»

«ልጄ፣ ይህን የሚያውቅ የለም። አንድ ወር ልትሄድ ትችላለች። ባራ ሜዳ መካከል ልትቀርም ትችላለች።»

ባራ ሜዳን ያየ ሰው የዚህን መልስ ክብደት ያውቀዋል፤ ጥላ የሚባል የሌለበት፣ በሐምሌ ነፋሱ ከምድጃ እንደሚወጣ እሳት ፊት የሚልጥበት ነው። ከዚያም ከዓሊ ሳቢህ ወደ እናንተ የሚወስደው ድንጋያማ መንገድ በየሃያ ሜትሩ ፍሪሲዮን ያስረግጣል።

«እንግዲያው ሁለቱንም ግዙ። ነሐሴ ሳያልቅ ግን ይመለስልኝ» አለች።

ታላቁ ወንድም ተቆጣ። «የልጅ ትምህርት ተይዞ ብረት አይገዛም። እኔ በጀርባዬ ተሸክሜ ልሥራ» አለ። ይህ የንፉግ ክርክር አልነበረም፤ ትክክለኛ ክርክር ነበርና እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። ታናሽየው ከወንድሙ ተለይቶ ከጋሼ ጋር ቆመ። የድሬዳዋው ልጅ በወረቀት ያሰላ ጀመር፦ በአንዷ ፖምፓ ብንሄድና ብንቀር ከዚያ የሚያስጎትተን መኪና ኪራይ ብቻውን ከሁለተኛዋ ፖምፓ ዋጋ ይበልጣል። በመጨረሻ ስምምነቱ በጽሑፍ ተደረገ፤ ፒክ አፗ ከተነሣች በኋላ የሚገባው ገንዘብ ለሌላ ለምንም ነገር ሳይነካ፣ ለኪራይም ቢሆን፣ በመጀመሪያ የእህታችን ዕዳ ይከፈልበታል። አምስታችን ፈረምን። ታላቁ ወንድም መጨረሻ ላይ ፈረመ፤ ሲፈርምም አላየንም።

ለግዢው የተላከው የድሬዳዋው ልጅ ነው። ምክንያቱም ቋንቋ ነው። እኛ የመኪና ቃላችንን የወረስነው ከጣልያን ነው፤ ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ካምቢዮውም፣ ካቻቪቴውም፣ ብሎኑም የእነሱ ነው። ጅቡቲ ደግሞ የምትጠግነው በፈረንሳይኛ ነው፤ ከዚያ ቋንቋ ለአብዛኞቻችን የደረሰን ለገሃር ብቻ ነው። ልጁ ግን ባቡር ጥገና ቤት በሠሩ ሽማግሌዎች እግር ሥር ያደገ ስለሆነ ጥቂት ይዟል። ሱቅ ገብቶ የፍሪሲዮን ፖምፓ ቢል ባለሱቁ፣ «ኤሜተር ነው ሬሴፕተር?» አለው። ላኪ ነው ተቀባይ ማለቱ ነው። የላይኛዋን ላኪ፣ የታችኛዋን ተቀባይ ይሏቸዋል። እንግሊዞች ደግሞ ጌታና ባሪያ ብለው ይጠሯቸዋል፤ ያንን ስም አልወደድነውም። ላኪና ተቀባይ ማለት ግን ምን እንደሆነ ለዚህ ካምፕ ሰው ማስረዳት አያሻም። ከሁለቱ በአንዱ ዘንድ ነገር ቢፈስ የሌላው መድከም ምን ዋጋ እንዳለው ታውቁታላችሁ።

ልጁ አሮጌዎቹን ፖምፓዎች ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን አስተያይቶ ነው የገዛ፤ የብሎን ቀዳዳቸው ገጥሞ የውስጥ ስፋታቸው የሚለያይ አሉና። ዘይቱንም ክዳኑ ያልተከፈተ ጠርሙስ ብቻ መርጦ አመጣ። የተከፈተ በርካሽ ቀርቦለት እምቢ ብሏል።

ሥራው የተጀመረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። በሃያብለ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ብረት መንካት አይቻልም። ባልባላ እ.ኤ.አ. በ1966 ፈረንሳዮች ከተማዋን በሽቦ ካጠሩ በኋላ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሕዝብ ከእንጨትና ከተጠፈጠፈ በርሜል ቤት እየሠራ ያቀናው አገር ነው፤ ጎረቤት ሁሉ መዶሻና ፒንሳ አያጣም። ኤዶ እያልን የምንጠራት ሶማሊያዊት አከራያችን የመብራት ገመድ በመስኮት አወጣችልን፤ ሻይም አፈላች። ጎማዎቹን በዚያ በጥቁሩ ድንጋይ አስደገፍን። ክሪኩ ሥር ሳንቃ አነጠፍን። ከክሪኩም ሌላ ሁለት አሮጌ ቸርኬ ከነጎማው በሻንሲው ሥር አስገባን። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ይህን ሁለት ጊዜ ብንጽፈው አይበዛም።

ከሁሉ ያስቸገረችው የቱቦዋ ዳዶ ነች። ብሎኖቹ በቀላሉ ይፈታሉ፤ ዳዶዋ ግን ለስላሳ ብረት ስለሆነች በተራ ቁልፍ ከተያዘች ጠርዟ ይበላና ክብ ትሆናለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆረጠው ቱቦው ነው። ጋሼ ዳዶዋን ከአምስቱ ጎኗ የሚያቅፍ ቁልፍ ከአንድ ተሳቢ ሾፌር ተውሰው ነበርና በሱ፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፍታት እያሉ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አባበሏት። ስትለቅ የተሰማው ድምፅ የጣት ቁጭታ ያህል ነበር። የታችኛዋንም ቱቦ ፖምፓዋ ከቦታዋ ሳትነሣ፣ በብሎኗ እንደተያዘች ማላላት ይሻላል፤ በእጅ ላይ ያለች ፖምፓ ጉልበት አትቀበልም።

አዲሷን ላኪ ከመግጠማችን በፊት በእጃችን እንደያዝናት ዘይት ሞልተን፣ ፒስተኗን በእንጨት ቀስ እያልን ገፋን፤ አረፋ መስጠቷን እስክትተው ድረስ። ከገባች በኋላ መግፊያው ዘንግ ፒስተኗን ሳይጫን ጥቂት ክፍተት እንዲኖረው ተስተካከለ። ይህ ክፍተት ካልቀረ ፒስተኑ ወደ ማረፊያው አይመለስም፤ ዘይቱ ወደ ዕቃው የሚመለስባት ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀርና ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ ጥቂት እንደተረገጠ ሆኖ ሸራው ይቃጠላል። የሞተር ዘይትም በፖምፓው አጠገብ አይድረስ፤ ጎሚኒው ያብጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ የፍሬን ዘይት ግን ከፈሰሰ የሚለቀም አይደለም፤ የመኪናውን ቀለምም ይልጣል፤ ስለዚህ አንድ ባልዲ ውኃና ጨርቅ አጠገባችን ነበር።

ቀጥሎ አየሩን ማስወጣት ነው። ለዚህ አንድ ሰው ፔዳሉ ላይ፣ አንድ ሰው መኪናው ሥር ያስፈልጋል። ፔዳሉ ላይ የተቀመጠችው እህታችን ነች፤ «በገንዘቤ የተገዛውን ማንም አይረግጥልኝም» ብላ ሳቀች። የድሬዳዋው ልጅ ከታች በተቀባይዋ ጫፍ ያለችውን ማስተንፈሻ በነጭ የላስቲክ ቱቦ አያይዞ፣ የቱቦውን ጫፍ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነክሮ ይጠራል።

«ርገጪ!»

«ረገጥሁ።»

«ያዢ!»

«ይዣለሁ።»

ማስተንፈሻዋን ይከፍታል፤ አረፋና ጥቁር ዘይት ይወጣል፤ ይዘጋል። «ልቀቂ!» ከመዝጋቱ በፊት ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ ትእዛዝ ከታች ብቻ ነው የሚሰጠው። ጋሼ ከላይ ቆመው የዘይቱ ዕቃ እንዳይጎድል ይሞላሉ። ወደ አርባ ጊዜ ያህል ተረገጠ። ከአላፊ አግዳሚው ሕፃናት ቆመው «ርገጪ! ያዢ!» እያሉ ይቀበሉ ጀመር፤ አማርኛ የማያውቁ ሁሉ ይህችን ሁለት ቃል እስከ ዛሬ ያውቃሉ።

ቱቦው ንጹሕ ዘይት ሰጠ፤ ፔዳሉ ግን አሁንም እንደ ስፖንጅ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች። ታላቁ ወንድም እስከዚያ ድረስ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር፤ አሁን ተነሥቶ ቀረበ፤ ምንም አልተናገረም። ጋሼ ሁለቱን የታችኛዋን ብሎኖች አስፈቱና ፖምፓዋን በእጃቸው ይዘው፣ «ና፣ አንተ ጉልበት አለህ» አሉት። ፒስተኗን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው እንዲገፋት አደረጉ። ዘይቱ በቱቦው ወደ ላይ ተመለሰ፤ ከላይ የምታይ የነበረችው እህታችን ጮኸች፤ አንዲት ትልቅ አረፋ በዘይቱ ዕቃ ውስጥ ብቅ ብላ ፈነዳች። ሦስት ጊዜ ተደገመ። በሦስተኛው ምንም አልወጣም። አየር ወደ ላይ መሄድ ይወዳልና፣ ወደ ታች ስንጎትተው ያስቸገረን በራሱ መንገድ ሄደ።

ፖምፓዋ ተመልሳ ታሠረች። ፔዳሉ ከላይ ጥቂት ላላ ብሎ ከዚያ ጠንክሮ ያዘ። ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው የኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ያለ ድምፅ ገባ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ኤዶ እልል አለች።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወደ እናንተ ተመላልሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ የዘይቱን ዕቃና የሁለቱን ፖምፓዎች ላስቲክ እናያለን፤ እስካሁን ደረቅ ናቸው። የእህታችን ገንዘብ ነሐሴ 24 ቀን ተሟልቶ ተመልሷል፤ የመጨረሻውን ክፍያ ቆጥሮ የሰጣት ታላቁ ወንድም ነው። ልጁም ተመዝግቧል፤ አራተኛ ክፍል ነው።

አሮጌዎቹ ፖምፓዎች በቤታችን አሉ። አካላቸው የተበላ ቢሆንም የላይኛዋ ሞላና መግፊያ ዘንግ፣ የታችኛዋም ማስተንፈሻ ደኅና ናቸው። በዓሊ አዴም ሆነ በሆልሆል ተመሳሳይ መኪና ያለው ወገን ቢኖር ለሾፌሩ ይንገር፤ በሚቀጥለው ዙር እናመጣለታለን። የተዋስነው ቁልፍ ግን ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፤ ሰውየው ጋላፊን አልፎ ሄዷል።

ከሃያብለ፣ አምስቱ